የደመናው ካሴት

ባለፈው ሳምንት የበረዶ ጎማ ላስገጥም ሄጄ ነበር። መጠበቂያው ክፍል ጣሪያ ሥር ትንሽ ቴሌቪዥን ተሰቅላለች። የጎማና የዘይት ሽታ አለ፤ ከበሩ ማዶ ብሎን መፍቻው ማሽን ይጮኻል። ተቀምጬ ቀና ስል፣ ስሙን የማላውቀው ፊልም ላይ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ቆይተው ዝም አሉ። ሙዚቃ ገባ። ከሙዚቃው ጋር ደመና መሮጥ ጀመረ፤ ከፎቆች በላይ፣ ነጭ፣ አንድ ቀን ሙሉ በአሥር ሴኮንድ የሚያልፍበት ዓይነት።

ተነሥቼ ወጣሁ። ሠራተኛው ተከትሎኝ መጥቶ «መኪናህ ገና ናት» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ብርዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ስል ቆየሁ።

ለምን እንደወጣሁ ልነግርህ ነው። ብቻ ተቀምጬ አይሆንልኝም። እየተራመድን ከሆነ እሞክራለሁ። ነገር አሳምሬ መናገርም አላውቅበትም፤ ካቋረጥኩ ታገሠኝ።

ታላቅ ወንድሜ ደመና ይቀርፅ ነበር። እንዲህ ሲባል ሥራ ፈት ይመስላል። አልነበረም። ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን ይጭናል፣ ያወርዳል። የጠዋት ሺፍት ስለነበረ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ ጃኬቱ የካርቶንና የብርድ ሽታ ይዞ ይገባል። ብርድ ሽታ አለው፣ ታውቃለህ።

ጊዜው የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሬክስዴል የሚባለው የስደተኛ ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፤ እናታችን፣ እሱና እኔ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። እሱ ሃያ አራት። ከአገር በሱዳን በኩል ስንወጣ እሱ አሥራ ሁለት፣ እኔ አምስት ነበርን። አባታችን «እከተላችኋለሁ» ብለው ቀሩ፤ በኋላ ወረቀታቸው አልሳካ አለ፤ በዚያው ቀሩ።

ካሜራዋ ትከሻ ላይ የምትቀመጥ፣ ትልቁን የቪዲዮ ካሴት የምትውጥ፣ ከሰው እጅ የገዛት ነበረች። ቅዳሜና እሑድ የሐበሻ ሰርግ ይቀርፅባታል፣ ክርስትና ይቀርፅባታል፣ ቀብርም ይቀርፅባታል። ቀብር መቀረፁ ፈረንጆቹን ይገርማቸው ነበር። ለእኛ ግን ግዴታ ነው፤ አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ካሴቱን ካላየ ኀዘኑ አይወጣለትም። «ቀብር ላይ ጥበብ የለም» ይል ነበር ወንድሜ። «የመጣውን ሰው አንድ በአንድ አሳይ፣ በቃ። አገር ቤት ያሉት እንባቸውን ጠርገው ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብለው ነው የሚያዩት።»

ደመና መቅረፅ ያስጀመረው ዘፈን ነው። ካሴት ሲሰማ ደመና የሚል ቃል በመጣ ቁጥር ጣቱን ያነሣል።

«አየህ» ይለኛል፣ «በእኛ ዘፈን ደመና ሲመጣ ወይ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ወይ ሰው ሊመጣ ነው። ሁለቱም ደግ ነው። በፈረንጅ ዘፈን ደመና ሲመጣ ሰው ሊሄድ ነው።»

«ዝናብ ስለሰለቻቸው ነዋ» እለዋለሁ።

«አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ታረክሳለህ!»

ፊልም ላይም እንደዚሁ ነበር። ከላይ ፎቅ ያለችው ሕንዳዊት ጎረቤታችን የምታውሰን ፊልሞች ላይ ደመና ከጠቆረ ዘፈን ሊጀመር ነው። ከዘነበ ደግሞ የልጅቱ ልብስ በላይዋ ላይ ስለሚጣበቅ እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። «አለፈ?» ትላለች። «ገና ነው» ይላታል ወንድሜ፣ ካለፈም በኋላ። የአሜሪካ ፊልም ላይ ደመና ሲሮጥ ግን ጊዜ አለፈ ማለት ነው። እሱን አይወደውም ነበር። «ሰነፎች» ይላል። «መሃል ላይ የሆነውን መናገር ሲያቅታቸው ደመና ያስሮጣሉ። ደመና የሚታየው በራሱ እርምጃ ነው።»

እኔ ይህን ሁሉ በግማሽ ጆሮ ነው የምሰማው። ልቤ ውጪ ነበር። ታች ሜዳው ላይ ኳስ ሲነጠር ይሰማኛል፤ ጫማዬን ቤት ውስጥ አላወልቅም። አንድ ቦታ መቆየት ያመኝ ነበር። አሁንም ያመኛል፤ እያየኸኝ ነው።

በዚያ በጋ መጨረሻ አንዲት ዘፋኝ መጣች። ሥራዋ ፀጉር ቤት ነው፤ ግብዣ ሲኖር ትዘፍናለች። ክሊፕ እንዲሠራላት ነው የመጣችው። ዘፈኗ ስለ ደመና ነበር። የምትወደው ሰው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይሠራል፤ ጥላ የሚይዝለት የለም፤ ስለዚህ ደመናውን ትለምነዋለች፦

ደመና ሂድለት፣ ከራሱ ላይ ቁምለት፤
ፀሐይዋ ሳትቀድመኝ ጥላዬን አድርስለት።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ አንድ ጣቱን አይደለም፣ ሁለት እጁን አነሣ።

የዚያን ጊዜ ክሊፕ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ዘፋኟ አበባ መሃል ቆማ እጇን ትዘረጋለች፤ ከዚያ ቀሚስ ቀይራ ፏፏቴ አጠገብ እጇን ትዘረጋለች። ወንድሜ ግን ፊቷን በደመና ላይ ደርቦ ሊያሳይ አሰበ።

«ሰው እኔን ነው የሚያየው ወይስ ሰማዩን?» አለችው።

«ሰማዩን ያያል፣ አንቺን ይሰማል።»

«ቀሚሱን ታዲያ ለማን ገዛሁት? ለሰማዩ?»

እማዬ ከወጥ ቤት ሆና «እውነቷን ነው፣ ቀሚሱን አሳይላት!» አለች።

«እሺ፣ ከወገብ በላይ ደመና፣ ከወገብ በታች ቀሚስ» አለ ወንድሜ። ተሳስቀው ተስማሙ።

ከመስከረም ጀምሮ፣ ከሥራ በተመለሰ ቁጥር፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ በረንዳ ላይ ይወጣል። የካሜራ ማቆሚያ ስላልነበረው የእማዬን የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ አውጥቶ እሱ ላይ ያስቀምጣታል፤ ሥሯን በመጻሕፍት ይደግፋል። የእኔ የፊዚክስ መጽሐፍም እዚያ ነበረ። «እኔ ነጠላዬን ምን ላይ ልተኩስ? ደመናው ላይ?» ትላለች እማዬ። ከኤርፖርት አጠገብ ሆኖ ደመና መቅረፅ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ጥሩ ደመና በመጣ ቁጥር አውሮፕላን መሃሉን ሰንጥቆ ያልፋል። «ውጣልኝ ከዚያ!» ብሎ ሲጮኽ ታች ያሉ ሰዎች ቀና ይላሉ።

ሲቀርፅ ያወራል። መጀመሪያ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል። ከዚያ ለደመናው ስም ያወጣለታል። «ይቺ እማዬ ናት፣ ከቅዳሴ ስትመለስ፤ ነጠላዋን እዩልኝ።» «ይሄ የመጋዘኑ አለቃ ነው፤ ሆዱ ቀድሞት ገባ።» ብቻውን ይስቃል። ና እይ ሲለኝ ወጥቼለት አላውቅም። ሳቁ ከደረቱ አይደለም የሚወጣው፣ ከአፍንጫው ነበር፤ ታፍኖ ቆይቶ ድንገት ያመልጠዋል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘፋኟን ጠርቶ የቀረፀውን አሳያት። ካሴቱን ቪዲዮ ዴኩ ውስጥ ከተተና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዜሮ አደረገው። የእሷን ዘፈን በቴፕ ለቀቀ። ሳሎኑ ትንሽ ናት፤ መጋረጃው ተዘግቶ ሰማያዊው ብርሃን የሁላችንም ፊት ላይ ነበር። ደመናው ቀስ እያለ ያልፋል፤ ድምፅዋ «ሂድለት» ሲል በአጋጣሚ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ተለይቶ ሄደ።

«እንዲህ ከሆነስ ቀሚሱ ይቅር» አለች ዘፋኟ።

«እዚያ ላይ ምን እያወራህ ነበር?» አለችው እማዬ። «ስትለፈልፍ አልነበር ስትቀርፅ? እሱም ዘፈኑ ውስጥ ሊገባ ነው?»

«አይዞሽ፣ ዘፈኑ ሲገባ የእኔ ድምፅ ይጠፋል» አላት።

ኅዳር ውስጥ፣ በመጀመሪያው በረዶ፣ ከሥራ ሲመለስ መኪናው ተንሸራተተች። እዚያው ሞተ። ከዚህ በላይ አልናገርም። ቶሎ ቶሎ እንራመድ።

ቤታችን በሰው ሞላ። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈ። ቴሌቪዥኑና ቪዲዮ ዴኩ በነጭ ጨርቅ ተሸፈኑ፤ ለቅሶ ቤት አይከፈቱም። አገር ቤት አባታችን መርዶ ተነግሯቸው ነበርና ደወሉ። በስልኩ ያነጋገሯቸው የዕድሩ ሽማግሌ ናቸው። ሲጨርሱ ቀፎውን በሁለት እጃቸው አስቀመጡት።

«ምን አሉ?» አላቸው አንዱ።

«አንድ ነገር ብቻ ለመኑ። ‹ቀብሩን ቅረፁልኝ፤ ልጄን ማን አፈር እንዳለበሰው ልይ› አሉ።»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የሐበሻውን ቀብር ሁሉ የሚቀርፀው እሱ ነበር።

«ከኦታዋ ሰው እናስመጣ?» አለ አንድ ሰው።

«እኔ እቀርፃለሁ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አይ፣ አውቃለሁ። ካሜራ የያዘ ሰው ክንዱን አይያዝም፣ ቁጭ በል አይባልም። እኔ ቁጭ ማለት አልቻልኩም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የካሜራዋን ቦርሳ ከፈትኩ። ባዶ ካሴት የለም። ካሜራዋ ውስጥ ግን አንድ አለ፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ደመና» ተብሎ ተጽፏል። የሁለት ወር ደመና በአንድ ካሴት። መኪናዎቹ ታች ሞተር አስነሥተዋል፤ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ረፈደ» ይላሉ። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠነጠንኩት። ያኔ ያሰብኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ደመና ነው አልኩ። ደመና ነገም አለ።

መቃብር ቦታው ስንደርስ በረዶው ጣል ጣል ይል ነበር። ሰማዩ አንድ ወጥ ግራጫ ነው። ካሜራዋ ከቤተ ክርስቲያን ጀምሮ ትከሻዬን እየቆረጠችው ነበር። ሰዉን እሱ እንዳለው አንድ በአንድ አሳየሁ። ጥቁር ካፖርት፣ ከላዩ ነጭ ነጠላ። ከመጋዘኑ የመጡ ሁለት ፈረንጆች፣ ኮፍያቸውን ይዘው። ዘፋኟ። ካህናቱ። እማዬን በሁለት በኩል የያዟት ሴቶች። ቀረፃ ጥሩ ነው፤ ሰው በዚያች ትንሽ መስኮት ሲታይ ያንስና የሩቅ ይመስላል።

ሽማግሌው ጠጋ አሉኝ። «ድምፁም ይገባል አይደል፣ ልጄ? ጸሎቱን አባትህ ይሰሙታል?»

«ይገባል» አልኩ።

ካልኩ በኋላ ነው የታወቀኝ። የካህናቱ ድምፅ የሚገባው የሌላ ሰው ድምፅ እየወጣለት ነው። የወንድሜ ድምፅ ያ ደመና ላይ ነበር። ሌላ የትም የለም፤ ሰርግ ሲቀርፅ ትንፋሹን እንኳ ይይዛል፤ እሱን ደግሞ ማንም ቀርፆት አያውቅም። ፎቶ አለን፤ ድምፁ ግን እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነበረ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ፣ ቀይዋን መብራት አብርቼ፣ እየደመሰስኩት ነበር።

አውራ ጣቴ ማቆሚያው ቁልፍ ላይ ነበር። ብጫነው የቀረው ይተርፋል። ሣጥኑ መውረድ ጀመረ። ብጫነው ደግሞ አባቴ ይህን አያዩም። የለመኑት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ይኸው ነው። እግሬ አልቆም አለኝ፤ ግራና ቀኝ ረገጥኩ፤ በመስኮቷ ውስጥ መቃብሩ ተንቀጠቀጠ።

«ቅረፅ እንጂ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው በቀስታ። «አሁን ነው እኮ።»

ቀረፅኩ። አፈር የጣለውን እጅ ሁሉ ቀረፅኩ። እያንዳንዱ አካፋ ሁለት ጊዜ ይሸፍነው ነበር፤ አንዴ እዚያ ጉድጓዱ ውስጥ፣ አንዴ እዚህ ትከሻዬ ላይ። አፈሩ ሞልቶ አበባው እንደተቀመጠ፣ ሰው ገና ሳይበተን፣ ካሜራዋን አጠፋኋት። ምን ያህል እንደተረፈ አላወቅኩም።

ቤት ስንመለስ በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ የምትበር ሴት ካሴቱን ልትወስድ መጥታ ትጠብቀን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በፖስታ አይላክም፤ በሰው እጅ ነው የሚሄደው። ሻንጣዋ ታች መኪና ውስጥ ነው።

«ትንሽ ጠብቁኝ፤ ሌላ ካሴት ገዝቼ ልገልብጠው» አልኩ።

ሽማግሌው የተሸፈነውን ቴሌቪዥን አዩ። እማዬን አዩ። «ዛሬ?» አሉኝ። «በእናትህ ፊት?»

አፌን ከፈትኩ። እማዬ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ የእሱን ሹራብ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ድምፁ እዚያ ላይ አለ ብል፣ እኔ እንደደመሰስኩትም ልነግራት ነው። ካሴቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ለሴትዮዋ ሰጠሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አውቶቡስ ላይ እንዳሳለፍኩት ነው የማስታውሰው። ትምህርት ቤት ብዬ እወጣና እስከ ምድር ባቡሩ፣ ከዚያ ኖርዝ ዮርክ የሚባል ሰፈር፣ ከዚያ ሌላ ሰፈር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ። እዚያ የማውቀው ሰው የለም። አውቶቡሱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ውረድ እንዳይለኝ ራሴ ወርጄ የሚቀጥለውን እይዛለሁ። ክሊፑ በሚቀጥለው ዓመት ወጣ፤ ሌላ ሰው ቀረፀው። ዘፋኟ አበባ መሃል ናት፣ እጇን ትዘረጋለች። «ደመና ሂድለት» ስትል ከኋላዋ ፏፏቴ ይታያል። አልፈርድባትም።

አባታችን ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ ጠዋት ደወሉ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

ከአባታችን ጋር እንዴት እንደምንነጋገር ልንገርህ። በዓል ሲሆን ብቻ ነው። እማዬ ስልኩን ስትሰጠው ወንድሜ ከመቀመጫው ይነሣ ነበር፤ ድምፁ ይለወጣል፣ ይቀጥናል። «እንዴት ነዎት አባባ። ደህና ነን አባባ። እግዚአብሔር ይመስገን አባባ።» ከዚያ ለእኔ ያቀብለኛል፤ እኔም ያንኑ እላለሁ። መስመሩ ያስተጋባል፤ የራስህ ድምፅ ተመልሶ ይመጣብሃል። እንኳን መሳቅ፣ ማሳል ያሳፍራል።

«ካሴቱ ደርሶኛል» አሉ። «እዚሁ፣ ስልኩ ያለበት ጎረቤት ቤት አየሁት። ሰው ብዙ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣቸው።»

«እሺ አባባ።»

«አንዳንድ ቦታ ይንቀጠቀጣል።»

«አዎ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

የስልኩን ገመድ እየጎተትኩ ከመስኮቱ እስከ በሩ እመላለሳለሁ።

«አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ» አሉ። «ቀብሩ ሲያልቅ ሰማይ ይታያል። አንድ ሰው ይለፈልፋል። ይስቃልም። በልጄ ቀብር ላይ እንደዚያ የሚስቀው ማነው?»

ቆምኩ።

«እሱ ነው አባባ» አልኩ።

«እሱ ማን?»

«እሱ ራሱ። ልጅዎ። ከዚያ በፊት የቀረፀው ነው፤ ያልጠፋው ነው።»

«ያልጠፋው ነው» አለ የእኔ ድምፅ ተመልሶ።

«እንዲህ ነው የሚስቀው?» አሉ አባቴ።

«አዎ አባባ።»

«ድምፁ ወፍሯል» አሉ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። ከዚያ «ቆይ፣ አትዝጋ» አሉኝ።

ቀፎው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። የዴኩ ቁልፍ ተጫነ። ከዚያ ነፋስ ገባ፤ የእኛ በረንዳ ነፋስ፣ አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሶ። ከነፋሱ ውስጥ ወንድሜ፣ ሩቅ፣ «ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፤ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ነው» አለ። ሳቀ። «አንተ ልጅ! ና ውጣና ይቺን እያት፤ አሁን ትበተናለች።»

ከውስጥ፣ ከእሱም የባሰ ከሩቅ፣ አንድ የተሰላቸ ድምፅ መለሰለት። የእኔ ነበር። «መጣሁ!»

ወንድሜ ጠበቀ። ነፋሱ ብቻ ይሰማል። አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። አውሮፕላን መጣ፣ ጮኸ፣ ሄደ። አልተቆጣም። ጠበቀ። ከዚያ ካሴቱ አለቀ።

አባቴ ቀፎውን አነሡ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ወጣህለት?» አሉኝ።

«አዎ አባባ» አልኩ። «አብረን አየናት።»